ራሱን ዜሮ ያደረገ ሰው

እናንተዬ፣ ወንድ ልጅ ድንገት ሲጠፋ ወይ ሌላ ሴት አለች፣ ወይ እናቱ አሉ። ሚዶ የምታምነው እንደዚህ ነው። ሌላ ሴት እንደሌለች ታውቃለች፤ ያ ሰውዬ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ሌላ ሴት እስኪያይ ድረስ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ እናቱ ናቸው ብላ ደመደመች፣ ቂሟንም ቋጥራ ተቀመጠች። መቼም ቂም የሚይዙበት ሰው ማግኘትም አንድ መጽናኛ ነው።

ሚዶ ፀጉር ሠሪ ናት። ስሙን ያወጣችላት ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ በሕፃንነቷ ማበጠሪያ ካልያዘች አትተኛም ነበርና ሚዶ ተብላ ቀረች። ዛሬ የአክስቷን ፀጉር ቤት የምትመራው እሷ ናት። እጇ ለስላሳ ነው፣ ምላሷ ግን ከመቀሷ የሰላ። ከልጅነቷ ጀምሮ ደግሞ የሚጥል በሽታ አለባት። እየሠራች ድንገት ትቆማለች፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ይተከላል፣ ከዚያ ትወድቃለች። የቆዩት ደንበኞች ለምደውታል፤ ወንበሩን ገፋ አድርገው፣ በጎኗ አስተኝተው፣ እስክትነቃ ይጠብቋታል። ያልለመዱት አይመለሱም። እሷም "ጠጉራቸው ይርገፍ!" ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

እሱን "ቀመር" ያሉት የዚያው ፀጉር ቤት ደንበኞች ናቸው። አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የሒሳብ ሰው ነው፤ በሽታው ሲነሳ አንጎል ውስጥ የሚሆነውን ነገር በሒሳብ ቀመር ይጽፋል። ሚዶን ከፊቷ በፊት ያወቀው በአንጎሏ ሞገድ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ራሷ ላይ ሽቦ ለጥፈው የቀዱትን ሞገድ ወራት ሙሉ ሲያየው ከርሞ፣ አንድ ቀን ለክትትል ስትመጣ የካርድ ቁጥሯ ሲጠራ ሰምቶ ኮሪደር ላይ አስቆማት።

"ይቅርታ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?" አላት።

"እኔ ማን?"

ጆሮው ድረስ ቀላ። በኋላ ነገሩን ሲያስረዳት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ሰው ሲተዋወቅ ከስም ይጀምራል፤ አንተ ቀጥታ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባህ" አለችው።

ከዚያ በኋላ በሻሿ ሥር የምትይዘው ትንሽ የሞገድ መቅጃ ተሰጣት። ቅጂውን ለመውሰድ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው ቀመር ራሱ ሆነ። "ቅጂው በስልክም ይላካል አሉ" ትላለች አንዷ ደንበኛ ከማድረቂያው ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ። "ይላካል፤ ግን ስልክ ተቀምጦ ሻይ አይጠጣማ" ትላለች ሌላይቱ። ቀመር አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሚዶም እሱ በሚመጣ ቀን ሌላ ሴት ትሆናለች። በሌላው ቀን ደንዘዝ፣ ፈዘዝ ብላ የምትውለው ልጅ ያን ቀን ጨዋታዋ፣ ሳቋ፣ ተረቧ አይጣል ነው። ደንበኞቹም "ፍቅር ይሄን ያህል መድኃኒት ነው እንዴ!" እያሉ ይገረሙ ነበር።

አንድ ቀን ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ ንገረኝ አለችው።

"አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል እንበል" አላት። "ሁሉም በየራሱ። ሁከት ነው፣ ግን ጤና ነው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ጭብጨባው አንድ ላይ ይሆናል፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። አንጎልሽ ውስጥም እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጭብጨባው አንድ ከሆነ ለሌላ ነገር ቦታ የለም፤ ያኔ ትወድቂያለሽ። እኔ አንድ ከመሆኑ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው የምፈልገው።"

"ካገኘሃትስ?"

"እነግርሻለኋ። ትቀመጫለሽ። አትወድቂም።"

ሌላው ወንድ ለሴት ሰማይና ምድሩን ቃል ይገባል። ይሄኛው "አትወድቂም" አላት። እሷም ልቧን በዚያች ቃል ሰጠችው።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው የጠፋው። ሚዶ ፀጉር ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቃ፣ መንቀጥቀጧ አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ከተወሰደች ወዲህ ዓይኑን አላየችውም። ቅጂውን የሚወስደው አንድ የማታውቀው ቴክኒሺያን ሆነ። ስትደውል አያነሳም። ከሆስፒታል ስትወጣ መድኃኒቱን ከበፊቱ አብዝተው ሰጧት፤ ሐኪሙም ጣታቸውን ቀስረው "የሚቀጥለው እንደዚህ ከሆነ ላትመለሺ ትችያለሽ" ብለዋታል። እሷ ግን የጨነቃት ሌላ ነው። የሰላ ምላሷ ዱልዱም ሆነ፤ ቃል ጀምራ ትተወዋለች። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያይተው ከሐዘን ነው አሉ።

*

አንድ ረፋድ ላይ ቀጥ ያሉ፣ ሽበታቸው ያማረ ሴትዮ ገቡ። "መታጠብ ነው" ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሰላምታቸውም ትእዛዝ ይመስል ነበር። ሚዶ ራሳቸውን ወደ ገንዳው ደገፍ አድርጋ ውሃ ለቀቀችላቸው፣ ሻምፖውን አሸች። ጣቶቿ ወደ ማጅራታቸው ወረድ ሲሉ አንድ የምታውቀው ነገር ነኳት። ፀጉራቸው እዚያ ላይ ወደ ግራ የዞረ አዙሪት አለው። ስንቴ በመቀስ አልበገር ብሏት ታግላዋለች!

እጇ ቆመ።

"የእሱ እናት ነዎት" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ።"

ሴትየዋ ዓይናቸውን አልገለጡም። "እንግዲያው ፊት ለፊት እናውራ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ፤ ማድበስበስ አላውቅበትም። አልወደድኩሽም ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ያለ አባት ነው ያሳደግኩት። 'ትምህርቷን ያልጨረሰች፣ በዚያ ላይ በሽተኛ ናት፣ ነገ ስትወልድልህ ልጆችህስ?' አልኩት። ሌላም ብዙ ያልኩት አለ፤ አሁን አልደግመውም።"

"እሱም ሰማዎት" አለች ሚዶ። ድምፅዋ ውስጥ የተቋጠረው ቂም ሁሉ ነበረበት።

"መች ሰማኝ! እሱን ልነግርሽ እኮ ነው የመጣሁት" አሉ ሴትየዋ፤ አረፋው እየተንጠባጠበ ራሳቸውን ከገንዳው ቀና አደረጉ። "በሌላው ነገር ሁሉ የሚሰማኝ ልጅ፣ በአንቺ ነገር ግን 'እማዬ፣ ይሄን ተይኝ' አለኝ። ኋላ ወደዚህ መምጣቱን ሲተው ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሁን እህል አይቀምስም። ግድግዳ ያያል። 'ምን ሆነህ ነው?' ስለው፣ 'የምጎዳት እኔ ነኝ፣ እማዬ' ይለኛል፤ ከዚያ ሌላ አይተነፍስም። ባሕር ማዶ ሥራ ተቀብሏል፤ እሑድ ማታ ይሄዳል። ምን አድርጎሽ ነው፣ ልጄ? እጁን አነሳብሽ?"

"እሱ? ዝንብ ሲያባርርም እኮ ይቅርታ ይጠይቃል።"

ሴትየዋ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ሚዶም እንደዚያው። ያንኑ ሰው ስለሚወዱ ነው የሳቁት፤ ይሄም ገብቷቸው ሁለቱም ቶሎ ፊታቸውን አዞሩ።

"ይቆዩ ላድርቅዎት" አለች ሚዶ አረፋውን አለቅልቃ ስትጨርስ። እጇን ወደ መደርደሪያው ዘርግታ አክስቷን ጠራች። "እቴቴ፣ ያንን... ያንን ስጪኝ እስቲ፣ ያን የራስ..." ቃሉ አልመጣላትም። አክስቷ ፎጣውን አቀበለቻት። እናትየው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። "እኔ አልከለከልኩትም" አሉ እንደገና። "ይሄን እንድታምኚኝ ነው የምፈልገው።"

አመነቻቸው። ጉድ የፈላውም ያኔ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምትናደድባቸው ሴትዮ ነበሯት፤ አሁን እሱ ብቻ ቀረላት፣ በእሱ ላይ ደግሞ መናደድ አትችልም።

*

የቀመር ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ ቀንና ሌሊት ስለሚሠሩ ክፍሉ ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ያንኮራፋል። መጻሕፍቱ ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። ሚዶ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው የደረሰችው። ሳታንኳኳ ገባች።

ቀና ብሎ አያት። ያ እይታ! በኮሪደሩ ያያት ቀን የነበረው ነው፤ ጠፍታ የተገኘች ይመስል። ወዲያው ግን እንደ መቆም ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ርቀት እየጠበቀ ነበር።

"እዚያው ሁኚ" አላት። "አትቅረቢኝ፣ በናትሽ።"

"ተላላፊ ሆንኩብህ?"

"እኔ ነኝ አንቺ ላይ የሆንኩት።"

"እንቆቅልሽህን ተውና እንደ ሰው ንገረኝ!"

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። "ይሄ የአንቺ መስመር ነው" አላት። "ይሄ ደግሞ የእኔ ቀመር የሚያወጣው። አንድ መሆን ነበረባቸው፤ እምቢ አሉኝ። የሆነ ነገር በሳምንት ሁለቴ እየገፋ አፋፍ ላይ ያደርስሻል፣ ቀመሬ ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። እንቅልፍሽን አስገባሁ፣ አይደለም። የማድረቂያውን ሙቀት አስገባሁ፣ አይደለም። ገበያ የሚበዛበትን ቀን፣ ጫጫታውን፣ ሁሉን ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ እኔ የመጣሁባቸውን ቀኖች አስገባሁ።" ድምፁ ሰለለ። "ሁለቱ መስመሮች ገጠሙ፣ ሚዶ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ስሌት ወጥቶልኝ አያውቅም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቀመሩ ውስጥ እኔ የሆንኩባትን ፊደል ዜሮ አደረግኳት። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዓመት አስኬድኩሽ፤ አንድ ጊዜ አልወደቅሽም። ይሄን ያወቅኩት በአምቡላንስ የተወሰድሽ ዕለት ነው። 'አትወድቂም' ብዬሽ አልነበር? ከዚያ ወዲያ አልመጣሁም። ይኸው ከቀረሁ ወዲህ ወድቀሻል?"

"አልወደቅኩም።"

"አየሽ?"

እስቲ ፍረዱ! ከልቡ የሚወድ ሰው፣ ፍቅሩ እንደሚጎዳት በቁጥር አረጋግጦ ራሱን ሰረዘ። ስልክ አንስቶ መጠየቅ የሚባል ነገር ትዝም አላለው። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ከሰው ይልቅ ስሌት ያምናል።

ሚዶ ስክሪኑን አየች፤ የገጠሙትን ሁለት መስመሮች። ከእሱ በፊት ነገሩ የገባት እሷ ናት። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

"መድኃኒቴንስ?" አለችው። "መድኃኒቴን አስገብተሃል?"

"አስገብቻለሁ እንጂ። በመጣሁ ቁጥር 'ወስደሻል?' እልሽ ነበር፣ 'እንዴ፣ ታዲያስ!' ትይኝ ነበር። አንድም ቀን ያልተቋረጠ ብዬ ነው ያስገባሁት።"

"ዋሽቼህ ነው።"

ማቀዝቀዣው ያንኮራፋል።

"አንተ የምትመጣ ቀን አልውጠውም ነበር" አለችው። "ከዋዜማው ጀምሬ ነው የምተወው፣ ጭንቅላቴ እንዲ... እንዲ..."

"እንዲጠራ" አላት።

"እንዲጠራ። አየህ? ይሄ ነው መድኃኒቱ! አሁን የምታየው ከሐዘን አይደለም፤ ክኒኑ ነው። ቃል ይሰርቀኛል። ለማን ላሳምር ብዬ እተወዋለሁ አሁን? ስለዚህ እውጠዋለሁ፣ ስለዚህ አልወድቅም፤ ተአምር የለውም። ፎጣ፣ ፎጣ መባሉን እረሳለሁ። የሰው ፀጉር ይዤ ቆሜ አንቀላፋለሁ። አንተ ፊት እንደዚህ እንድሆን አልፈለግኩም። ሳቄን እንድትሰማ ፈለግኩ፤ የራሴን ሳቅ።"

ቀመር ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ በራ። "እኔ አይደለሁማ!" አለ። ያን የጠበቀውን ርቀት ረስቶ መጥቶ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ፤ ይስቅም ያለቅስም ነበር። "ሚዶ፣ እኔ አይደለሁም እኮ! ክኒኑ ነው! እኔ አይደለሁም!"

"አንተ አይደለህም፣ ሞኙ" አለችው፤ ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፋ። ሸሚዙ የሻይና የላብ ሽታ ነበረው። ስንት ቀን ናፍቆት ያቃጠላት ሽታ ነው!

ከዚያ እጁ እጇ ላይ ሲላላ ተሰማት።

"የዋዜማውንም ትተይ ነበር? የጠዋቱንም?"

"ሁለቱንም።"

"ያን መድኃኒት በድንገት ማቆም ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙ አልነገሩሽም?"

"ነግረውኛል።"

"ሰው እኮ ይሞታል።"

"ነግረውኛል አልኩህ እኮ።"

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ስክሪኑን አየው፤ ብዙ አየው። "እንግዲያው ስሌቱ ልክ ነበር" አለ። "እኔ በመጣሁ ቁጥር ነው ወደ ሞት የሄድሽው። በሌላ መንገድ ይሁን እንጂ እኔው ነኝ።"

አይደለም ልትለው ፈለገች። ያን ጊዜ ቃል የነሳት መድኃኒቱ አልነበረም፤ የተናገረው እውነት ስለሆነ ነው።

ዓይኗን ጠረገች። "እሑድ ከመሄድህ በፊት ና" አለችው። "ክኒኖቼን ውጬ ነው የምጠብቅህ። እስከዛሬ ያላስተዋወቅኩህ ሴት አለች። እሷን ቁጭ ብለህ አጫውታትና ከዚያ መሄድ አለመሄድህን እናያለን።"

ደረጃውን ስትወርድ በተስፋና በፍርሃት መካከል ነበረች፤ ፍርሃቱ ግን ይበልጥ ነበር።

*

እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ቀመር በጓሮ በኩል ገብቶ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀመጠ። አክስቷ ሻይ አቀረበችና "እኔ ወዲያ ነኝ" ብላ ወጣች፤ ወዲያ ማለት ከመጋረጃው ኋላ መሆኑን ሁላቸውም ያውቃሉ።

ሚዶ አምራ ነበር። ፀጉሯን ራሷ ሠርታዋለች፣ ቀሚሷን ተኩሳዋለች። ዓይኗ ግን ከበደ፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ታች ይጎትታታል። ደንበኞቿን እየመሰለች ልታስቀው ሞከረች። ያቺ ከማድረቂያው ሥር የማትወጣዋ ሴትዮ ባለፈው ያለችውን ልትነግረው ጀመረች፤ መሐል ላይ ሐሳቡ አመለጣት።

"እና ምን አለች መሰለህ? 'ይሄማ...' አለች፤ 'ይሄማ የ...'"

"የሠርግ ነው?" አላት ቀመር።

"አይደለም። 'የ...'"

"የልደት?"

"አይደለም እኮ!"

"የምርቃት? አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ።"

አይዞሽ። በተዋወቁበት ጊዜ ሁሉ እሱ ይቺን ቃል ብሏት አያውቅም። ነርሶች ይሏታል፣ ጎረቤት ይላታል፣ መንገድ ላይ ወድቃ ስትነሳ የማታውቀው ሰው ሁሉ ይላታል። እሱ ግን ይሟገታት ነበር፣ ይስቅባት ነበር፣ ትስቅበት ነበር። አሁን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ታጋሽ ሆኖ፣ በደግ ዓይን ያያታል። ሚዶ ያን ዓይን አየችና ፊቷን አዞረች። እሱ ምን ያጠፋው ነገር አለ? ደግነት ነው እንጂ። ግን ከእሱ የፈለገችው ደግነት አልነበረም።

"ቃሌን አትጨርስልኝ!" ብላ ጮኸችበት። "ራሴ ልፈልገው። ካላገኘሁት አላገኘሁትም። ሰው ሁሉ አፌ ውስጥ ቃል ሲከትብኝ ነው የኖርኩት፤ አንተ እንኳ ተው። ዝም ካልኩ ዝም ብያለሁ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

"ማልልኝ።"

"እናቴን፣ ሁለተኛ አልጨርስልሽም።"

ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ሲጢጥ አለ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ሚዶ። "ያቺኛዋ ትናፍቅሃለች? ያቺ ሳቂታዋ?"

ቀመር መዋሸት አይችልም። ቢችል ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር ባልመጣ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አየ፣ እጁን አየ። "ትናፍቀኛለች" አላት። ቶሎ ብሎም፣ "ግን አንቺን እለምዳለሁ። እማራለሁ፣ ሚዶ። ከሀ ጀምሬ እማራለሁ። ጊዜ ብቻ ስጪኝ።"

"እኔንም ትናፍቀኛለች" አለችው። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። "ችግሩ እኮ እሱ ነው። ባትሄድ፣ አንድ ጠዋት ትመጣለህ፣ እኔም አንድ ቀን ብቻ እላለሁ። እንደዚያ እንድታየኝ ብቻ። ራሴን አውቀዋለሁ። አልውጠውም።"

"እኔ ቆሜ አስውጥሻለሁ።"

"ጠባቂዬ ልትሆን ነው?"

ፍቅረኛና ጠባቂ አንድ ላይ መሆን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያመርር እሱም ሳያውቀው አልቀረም።

ሰዓቱ ደረሰ። ሻንጣው ታክሲው ውስጥ ነው፤ ሹፌሩ አንዴ ክላክስ አደረገ። ቀመር ተነሳ፣ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። ፊቱ የወረቀት ያህል ነጥቷል።

"ስሚኝ" አላት። "በራሴ ስሌት መታመን ትቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አስልቼ ምን እንዳደረግኩሽ አየሁ። ስለዚህ እኔ አልወስንም። አንቺ አትሂድ ካልሽኝ ሻንጣዬን አወርዳለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ካላልሽኝ ግን ከዚህ በር ስወጣ ስልኬን እዘጋዋለሁ። ክፍት ከተውኩት ሳልደርስ እመለሳለሁ፤ እንደዚያ ተመልሼ መጥቼ ደግሞ ብገድልሽስ?"

ሚዶ ተነሳች። ጠረጴዛውን ይዛ ተነሳች። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ይሂድ ብላ ነበር፤ ልቧም አእምሮዋም ይሂድ ብለው ተስማምተው ነበር። በሩ ጋ ቆሞ ስታየው፣ ያ የማጅራቱ አመጸኛ ፀጉር ሳይቆረጥ አድጎ አንገትጌው ላይ ወድቆ ስታይ፣ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። እውጠዋለሁ አለች በልቧ። ጠባቂም ይሁነኝ፣ አይዞሽም ይበለኝ፣ ደንዝዤም ልሳቅ። አጠገቤ ይሁን ብቻ።

አፏን ከፈተች።

ቃሉ አልነበረም።

የነበረበትን ቦታ ታውቀዋለች። አጭር ቃል ነው፣ ሕፃን የሚለው ቃል ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ቅርጹ ይሰማታል፣ ድምፁ ግን የለም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እጇ ከጠረጴዛው ትንሽ ተነሳ።

ቀመር አያት። እየጠበቃት ነበር። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ነበር፤ ቃሉን እሱ ሊጀምርላት አፉን ሊከፍት ሁሉ ፈልጎ ነበር፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይታለች። ግን ምሏል። ዝም ካልኩ ዝም ብያለሁ ብላዋለች። ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ፣ ጠበቃት፣ እንደገና ጠበቃት፣ እንባው ሞልቶ እስኪፈስ ጠበቃት።

"እሺ" አላት በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ገባኝ፣ የኔ ቆንጆ። ልክ ነሽ።"

በሩን ሳያጮህ ዘጋው።

አክስቷ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሚዶ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የታክሲው ሞተር ሲነሳ ተሰማ፤ ከመንገዱ ጥግ ሲታጠፍ ድምፁ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ያኔ ቃሉ መጣ። ምንም ሳትፈልገው፣ ምንም ሳይቸግራት፣ ጥርት ብሎ መጣ።

"አትሂድ" አለች።

አክስቷ ደነገጠች። ለማን እንደሆነ ገብቷት ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ሮጠች፣ ደወለች። የደወሉለት ደንበኛ ስልኩን ዘግቷል አላት። እንደገና ደወለች።

"አትሂድ" አለች ሚዶ ወደ በሩ። "አትሂድ። አትሂድ።"

"እሺ የኔ ልጅ" አለች አክስቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ በሌላኛው እጇ ወደ ራሷ እያስጠጋቻት። "እሺ፣ እናቴ፣ እሺ።"